ኦመር ጎበዝ ነው፤ ግን የትኛው?

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ቡና ከተጠራችሁ ቶናው ሳይቀዳ ወሬው ድራማ ውስጥ ይገባል። የዘይት ዋጋ ተነስቶ፣ የታክሲ ሰልፍ ተረግሞ፣ ከዚያ እሷ ለምን ይቅር አለችው፣ እሱስ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያደርጋት እየተባለ አንዱ ክፍል ለብቻው አንድ ሰዓት ይፈጃል። እኔም አልቀርም፣ ደስ ይለኛል።

የሚያናድደኝ አንድ ነገር ነው። የምንከራከረው ስለ ገጸ ባህሪው ጠባይ እንጂ ስለ ትወናው አይደለም። ደግ ሰው የደረሰው «ጎበዝ ተዋናይ» ይባላል፤ ክፉ የደረሰው ይረገማል። «ሰው ለሰው» ድራማ ላይ አበበ ባልቻ የሠራውን አስናቀን አስታውሱ። ሰዉ አስናቀን ጠላው፤ ያን ያህል እንዲጠላ ማድረግ ግን ስንት ሥራ እንደሚጠይቅ ማን አወራ?

የተተረጎሙት ድራማዎች ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ ድምፅ ያሳየውን የቱርክ ድራማ «ጥቁር ፍቅር»ን እንውሰድ። ኦመር ፖሊስ ነው፤ እጮኛው ከዋናዋ ገጸ ባህሪ ከኤሊፍ አባት ጋር አንድ መኪና ውስጥ ተገድላ ትገኛለች፣ ታሪኩ ከዚያ ይነሳል። ብሎካችን ውስጥ ስለ ኦመር ሲወራ «አነጋገሩ ራሱ አንጀት ይበላል» ይባል ነበር። ኧረ በሞቴ! ፊቱ የቱርኩ ተዋናይ የኤንጊን አክዩሬክ ነው፤ አነጋገሩ ግን የእሱ አይደለም። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ የሰውየውን ከንፈር እያየ፣ አፉ ሲከደን አብሮ የሚዘጋ፣ ሲያለቅስ ሳጉን ከራሱ ደረት የሚያወጣ ሌላ ተዋናይ አለ። ያ ሳግ የአማርኛ ተናጋሪ ሳግ ነው።

ይህ የገባት አንዲት ጎረቤቴ ብቻ ናት። ወጥ ቤት ጀርባዋን ለቴሌቪዥኑ ሰጥታ ሽንኩርት እየከተፈች «ይቺ እኮ ያኛው ድራማ ላይ አማቷ የነበረችው ናት» ትላለች። ፊቷን ሳታይ! ድምፅ ሲሰለች፣ ሁሉም እናት አንድ ዓይነት ሲያለቅስ፣ አንዱ ሰው ለዶክተሩም ለሽፍታውም ሲናገር ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት። መብራት ጠፍቶ ያመለጠንን ክፍል ስትተርክልንም የምታስመስለው ድምፃቸውን ነው፤ ፊታቸውን የት አግኝታ።

ቃና በ2008 ሥራ ሲጀምር የአገር ውስጥ የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ተቃውመው ነበር። ስጋታቸው ከመሬት የተነሳ አልነበረም፤ ተሠርቶ ያለቀ ድራማ ገዝቶ ድምፅ መቀየር ከባዶ ከመሥራት ይረክሳል። ግን በዚያ ጭቅጭቅ መሀል ድምፅ የሚሠሩት ልጆች የማንም ሳይሆኑ ቀሩ። ለአገር ውስጡ የባዕድ ድራማ ሠራተኞች ናቸው፣ ለተመልካቹ ደግሞ ጭራሽ የሉም። የኤንጊንን ፎቶ ስልኩ ላይ የለጠፈ ወጣት ሞልቷል፤ ኦመርን በአማርኛ ያናገረውን በስም የሚያውቅ ግን እስቲ እጁን ያውጣ።

ፊልምና ድራማ ሲሸለም ለድምፅ ትወናም አንድ ዘርፍ ይኑረው እላለሁ። የቅዳሜና እሁድ የመዝናኛ ፕሮግራሞችም ከፊት ተዋንያን ጎን እነሱንም ይጋብዙ፤ ተመልካቹ ድምፃቸውን ገና ሲሰማ ማን እንደሆኑ ይለያል። እስከዚያው እዚህ ሰፈር ቡና ላይ «ኦመር ጎበዝ ነው» የሚለኝን ሰው የትኛው ብዬ መጠየቄን አልተውም።