«ሆቴል ካሊፎርኒያ» እና የጠፋው ህብረ ቃል

የቅኔ ተማሪ «ወርቁን አገኘሁት» ሲል መምህሩ አስቀድሞ የሚጠይቀው ህብረ ቃሉ የትኛው እንደሆነ ነው። ሁለቱን ትርጉም በአንድ ጊዜ የሚሸከም ቃል ካልታየ፣ ወርቅ የተባለው የሰሚው ምኞት እንጂ የባለቅኔው ሥራ አይደለም። ኢግልስ የተባለው የአሜሪካ የሮክ ቡድን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1976 ባወጣው አልበም ውስጥ ለሚገኘው «ሆቴል ካሊፎርኒያ» ለሚሰጡት ትርጓሜዎችም ከዚህ የተሻለ መመዘኛ አላውቅም።

የዘፈኑ ሰም ግልጽ ነው። በሌሊት በበረሃ ጎዳና ሲነዳ የደከመው መንገደኛ ብርሃን አይቶ ወደ አንድ ሆቴል ይገባል፤ ቤቱ ያማረ ነው፤ በኋላ ሊሸሽ ሲሞክር ግን የሌሊቱ ዘበኛ፣ በፈለገ ጊዜ ሒሳቡን መዝጋት ቢችልም ከዚያ መሄድ ከቶ እንደማይችል ይነግረዋል።

ከሁሉ በላይ የተወራለት ትርጓሜ ሆቴሉን እ.ኤ.አ. በ1966 አንቶን ላቬይ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከመሠረተው «የሰይጣን ቤተ ክርስቲያን» ጋር የሚያገናኘው ነው። ማስረጃ ተብለው የሚጠቀሱት በአልበሙ የውስጥ ሽፋን ፎቶግራፍ ላይ በሰገነት የሚታይ ጥላ መሰል ሰውና በግጥሙ ውስጥ እንግዶቹ አንድን አውሬ ለመግደል የሚያነሷቸው ቢላዎች ናቸው። እኔም በወጣትነቴ ይህን ወሬ አምኜ ዘፈኑን በፍርሃት አዳምጬ ነበር። ይሁንና ቢላዎቹን የሚገልጸው «ስቲሊ» የሚለው ቃል፣ በ1976 ባወጣው ዘፈን ኢግልስን በስም ጠቅሶ ለነካካው ለስቲሊ ዳን ቡድን የተመለሰ የወዳጅ ቀልድ ነው። የመሥዋዕት ቢላዋ የተባለው ነገር የሙያ ባልደረቦች ጨዋታ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

እውነተኛው ህብረ ቃል ሌላ ቦታ ነው ያለው። እንግዳው ወይን ጠጅ ሲያዝ፣ «ስፒሪት» ከ1969 ወዲህ በቤቱ እንደሌለ ይነገረዋል። በእንግሊዝኛ ይህ ቃል አረቄን የመሰለ ጠንካራ መጠጥም፣ መንፈስም ማለት ነው። በ2009 አንድ የክሊቭላንድ ጋዜጣ ሐያሲ፣ ወይን ጠጅ የሚጠነሰስ እንጂ የሚነጠር ስላልሆነ «ስፒሪት» ሊባል አይችልም ሲል ከግጥሙ ደራሲዎች አንዱን ዶን ሄንሊን ሞገተው። ሄንሊ መጠጥ እንዴት እንደሚሠራ አሳምሮ እንደሚያውቅ ገልጾ፣ ነገሩ ስለ መጠጥ ሳይሆን ስለ ዘመኑ ማኅበራዊና ፖለቲካዊ መንፈስ መሆኑን መለሰለት። ሐያሲው ከሰሙ ጋር ሲታገል ወርቁ አመለጠው። ዓመቱም ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ በ1969 ነሐሴ መቶ ሺዎች በውድስቶክ የሙዚቃ ድግስ በሰላም ተሰብስበው ነበር፤ በዲሴምበር ደግሞ እዚያው ካሊፎርኒያ፣ በአልታሞንት ኮንሰርት መድረኩ አጠገብ ሰው በስለት ተወግቶ ሞተ።

በዚህ መንገድ ካየነው ሆቴሉ ያ መንፈስ ከነጠፈ በኋላ የቀረው ምቾት፣ ዝናና ገንዘብ ነው፤ ሄንሊም ዘፈኑን ከየዋህነት ወደ ልምድ የሚደረግ ጉዞ ብሎታል። ሒሳብ ስለ መዝጋት የሚያነሳው የዘበኛው ንግግርም ሌላ ህብረ ቃል ይዟል፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ቼክ አውት» የሚሉት የሆቴል ክፍል ለቆ መሄድን ብቻ ሳይሆን መሞትንም ነው። ከዚያ ንግግር በኋላ ቃል የለም፤ የቡድኑ አባላት የዶን ፌልደርና የጆ ዋልሽ ጊታሮች ከሁለት ደቂቃ በላይ እየተቀባበሉ ይሄዳሉ፤ ዘፈኑም መዝጊያ ሳይበጅለት፣ ገና እየተጫወተ ድምፁ ብቻ ይርቃል።