እግረ መንገድ

ያረጀ ፒክአፕ የፊት እግሩን ሲያመው አይደብቅም። ጉድጓድ በገባ ቁጥር «ቋ!» ይላል፤ መሪው ሲጠመዘዝ ዘይት እንዳልቀመሰ በር ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ እንኳ እንዳኮረፈች በቅሎ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። የሚደብቀው ባለቤቱ ነው። መጀመሪያ መንገዱን ይወቅሳል፣ ቀጥሎ ጎማውን፣ ከዚያ ጎማውን የሸጠለትን ሰው። ሁሉም አላዋጣ ሲል ሬድዮውን ከፍ ያደርጋል። በዚህ ዘዴ ስንቱ ፒክአፕ ለዓመታት «ድኖ» ኖሯል!

ሬድዮው የማይሸፍነው ድምፅ ሲመጣ «እቤት እሠራዋለሁ» ይባላል። ዕቅዱ አጭር ነው፦ አንድ ቦልጆይንት (ከመኪናው አካል በተዘረጋው ክንድ ጫፍ ጎማውን የሚይዝ ኳስ መሰል መገጣጠሚያ)፣ አንድ ክሪክ፣ ሁለት ሰዓት። ይህን ዕቅድ የሚያፈርሰው ዝገት እንዳይመስላችሁ። «እግረ መንገድ» የምትባል ቃል ናት። ቦልጆይንቱ ከወጣ እግረ መንገዱን ቡሹም፣ በክንዱ መታጠፊያ ያለው የጎማ ትራስ፣ ይውጣ። ቡሹ ከወጣ እግረ መንገዱን ንጥረቱን የሚያበርደው አሞርዛተሩ። አሞርዛተሩ ከወጣ፣ እግረ መንገዱን ሻንሲው፣ የመኪናው አጽም፣ ቀለም ይቀባ። ጠዋት አንድ ቦልጆይንት ሊቀይር የተነሳ ሰው ሲመሽ የመኪናውን ግማሽ ካርቶን ላይ ዘርግቶ የቱ ከየት እንደወጣ ራሱን ይጠይቃል።

የሚያናድደው ቃሏ ግማሽ እውነት መሆኗ ነው። ቦልጆይንቱና ቡሹ አንድ ዕድሜ ኖረው አንድ ጉድጓድ የበሉ ዘመዳሞች ናቸው፤ አንዱ ካለቀ ሌላውም ተራ እየጠበቀ ነው። የግራው ከተቀየረ የቀኙም መቀየር አለበት፣ በተለይ ሞላና አሞርዛተር። ስለዚህ ድንበሩ በብሎን ይሰመር፦ የፈታኸው ብሎን ይዞት የነበረው ያረጀ ነገር ሁሉ ይቀየር፤ ሌላ ብሎን የሚያስፈታው ለሌላ ቀን ይደር። ቀለሙም እንደዚሁ።

መርማሪ ደግሞ አይጠፋም። ክሪኩ ከመሣሪያ ሳጥኑ ሳይወጣ ሦስት ሰው ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። አንዱ መከላከያውን ሁለቴ ይጫንና «አሞርዛተር ነው» ይላል። ሌላው ጎማውን በእርግጫ ይልና «ኩሽኔታ ነው» ይላል። ሦስተኛው እጁን ከኪሱ ሳያወጣ «ይሄ ምኑ ተነካ? ገና ዓመት ይነዳል» ይላል። በእርግጫ የሚመረመረው ጫማ ነው እንጂ ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አይደለም። ጎማው ከመሬት ይነሳ፣ ከላይና ከታች ተይዞ ይወዝወዝ። ከተላወሰ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ፤ ፍሬን ሲረገጥ መላወሱ ከቆመ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው፣ ካልቆመ ወደ ቦልጆይንቱ ይታይ። ግራና ቀኝ ሲያዝ ብቻ የሚላወስ ከሆነ ታይሮዱ (መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ) እና የመሪው መገጣጠሚያዎች ይጠየቁ።

ክሪኩ የት እንደሚገባ ግን ሦስቱም መርማሪዎች አልተናገሩም። ሞላው የታችኛው ክንድ ላይ ካረፈ፣ ለምርመራው ክሪኩ የሚገባው ከዚያው ክንድ ሥር፣ ወደ ጎማው ተጠግቶ ነው። ሻንሲው ብቻ ከተነሳ ሞላው መገጣጠሚያውን ወጥሮ ይይዘዋል፤ ያለቀው ቦልጆይንትም እንግዳ እንደመጣበት በሽተኛ ቀጥ ብሎ «ደህና ነኝ» ይላል።

ብሎኖቹ ከሥራው ሁለት ሦስት ቀን በፊት ጀምሮ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ይጠጡ። የሥራው ዕለት የኋላ ጎማዎች በታኮ ይያዙ፣ የእጅ ፍሬን ይሳብ፣ የጎማ ዳዶዎቹ መኪናው ገና መሬት ላይ ሳለ ላላ ይበሉ። መኪናው ከተነሳ በኋላ ሻንሲው በብረት መደገፊያ ላይ ይረፍ። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማደሪያ አይደለም፤ ድንጋይና ብሎኬት ደግሞ ሲሰነጠቁ አያስጠነቅቁም። ካሊፐሩ፣ የፍሬኑን ዲስክ የሚጨብጠው ክፍል፣ ሲፈታ በሽቦ ከሻንሲው ጋር ይታሰር። በፍሬን ቱቦው ላይ ተንጠልጥሎ የዋለ ካሊፐር ቱቦውን ከውስጥ ይጎዳዋል፣ ከውጭ ግን ምንም አይታይም።

ስለ ሞላው ሲወራ ሳቁ ይቁም። የተጨመቀ ሞላ ሰው መግደል የሚችል ጉልበት ይዞ ተቀምጧል። የታችኛው ክንድ በክሪክ ሳይደገፍ የቦልጆይንቱ ዳዶ አይፈታም። ሲፈታም ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ ጥቂት ጥርስ ነክሶ ይቆይና መገጣጠሚያው ሲላቀቅ ዳዶው ይይዘዋል። ሞላው በመጭመቂያ ይያዝ፣ በሰንሰለትም ከሻንሲው ጋር ይታሰር፣ ማንም ፊቱን ከሞላው ፊት አያድርግ። በሞላ ፋንታ ቶርሽን ባር፣ እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ዘንግ፣ ያለው መኪና ዘዴው ሌላ ነው። ማስተካከያ ብሎኑ ከመላላቱ በፊት ወጥቶ የሚታየው ርዝመቱ በሚሊሜትር ይለካ፣ ይጻፍም። ዘንጉና መቀበያው በቀለም ምልክት ይደረግባቸው፤ የግራው ዘንግ ለቀኝ፣ የቀኙም ለግራ አይሆንም። ይህን የዘለለ ሰው መኪናውን ሲያወርደው በአንድ ትከሻው ሸክም የያዘ ይመስላል።

ቦልጆይንቱን ማላቀቅ የአማካሪዎች የክብር ቀን ነው። «በለው!» ይላሉ። ማንን? ብዙው ሰው የቦልጆይንቱን ብሎን ጫፍ ይደበድብና ጥርሱን አጥፍቶ ዳዶውን እዚያው ያስቀራል። መመታት ያለበት ብሎኑ ሳይሆን ብሎኑ የተሰካበት የብረት ጆሮ ነው፤ ከጎን፣ በከባድ መዶሻ፣ ሁለት ሦስቴ። ብሎኑ ሾጣጣ ስለሆነ ጆሮው ለቅጽበት ሲደነግጥለት ሾልኮ ይወርዳል። ሹካ መሰሉ መፈልቀቂያም ይሠራል፤ የግሪስ መከለያ ጎማውን ግን ይቀደዋል፣ ስለዚህ ለሚጣል ቦልጆይንት ብቻ። በዚህ መሀል ባትሪ ያዡን ማንሳት ግድ ነው። በእያንዳንዱ ጥገና ላይ አንድ ሰው ባትሪ እንዲይዝ ይለመናል፤ ያ ሰው ብርሃኑን ከብሎኑ በስተቀር የማያሳየው ነገር የለም። ግድግዳውን ያሳያል፣ ስልኩን ያሳያል፣ በተለይ የሠራተኛውን ዓይን አጥብቆ ያሳያል።

ክንዱ ከወጣ በኋላ ቡሹ ይቀራል፣ ትዕግሥትም የሚያልቀው እዚህ ነው። ፕሬስ በሌለበት ትልቅ ሞርሳ (ብረት ነክሶ የሚይዘው የጠረጴዛ መሣሪያ) ይበቃል፦ በአንድ ወገን ከቡሹ ቅርፊት ጥቂት የሚያንስ ቡሽላ (ክብ የዳዶ መፍቻ ራስ)፣ በሌላው ወገን ቡሹን የሚውጥ ሰፊ ቧንቧ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ማጥበቅ። እምቢ ካለ የቡሹ ጎማ ተሰርስሮ ይወጣና ቅርፊቱ ከውስጥ በመጋዝ ይሰነጠቃል፤ መጋዙ ክንዱን እንዳይነካ። በእሳት ማቃጠል የሚመክሩ አሉ። ጭሱ መርዝ ነው፣ ሽታውም ለሳምንት ከሰፈር ያጣላል። አዲሱ የጎማ ቡሽ ሲገባ በሳሙና ውኃ ይለስልስ እንጂ ግሪስ አይቀባ፤ ተራ ግሪስ ጎማን ያሳብጣል። የፖሊዩሪቴን ቡሽ ግን አብሮት የሚመጣውን የራሱን ቅባት ይፈልጋል፣ ካላገኘ ሌሊቱን ሙሉ እንደሚያለቅስ ሕፃን ይጮኻል።

ታይሮዱ ሲፈታ ዙሩ ይቆጠር። 17 ዙር የወጣ በ17 ዙር ይመለስ። አንዱ ወገን ግራ ጥርስ ሊሆን ስለሚችል፣ ጡንቻ ከመጨመር በፊት አቅጣጫውን ማየት ይሻላል። የላይኛው ክንድ ላይ ስስ ብረቶች ተደርበው ከተገኙ ከየትኛው ብሎን ስንት እንደወጣ ይጻፍ፤ «ቆሻሻ መስለውኝ» ተብለው የተጣሉት እነርሱ የጎማውን ዝንባሌ የሚወስኑት ናቸው።

አሁን ወደ ማጥበቁ። አዲስ ቡሽ ገብቶለት ከወር በኋላ እንደገና የሚያንቋቋ መኪና ሲታይ ዕቃው ይረገማል፦ «የዛሬ ዕቃ!» ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የዕቃው አይደለም። የቡሹ ብሎን እግሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፣ የቡሹ ጎማ በተንጠለጠለበት ቅርጽ ይቆለፋል፤ መኪናው መሬት ሲነካ ቡሹ እንደተጠመዘዘ ውሎ ያድራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ስለዚህ የቡሽ ብሎኖች በእጅ ብቻ ይያዙ፣ መኪናው በጎማው ላይ ይረፍ፣ ወደፊትና ወደኋላ ይንቀሳቀስ፣ የመጨረሻው ማጥበቅ ከዚያ ይምጣ፤ ልኩም ከመኪናው መጽሐፍ እንጂ ከጎረቤት ክንድ አይወሰድ። የቦልጆይንቱ ዳዶ ግን አየር ላይ ቢጠብቅም ግድ የለውም። የኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይላላ የሚቆልፈው ሽቦ መሰል ብረት) ቀዳዳ ከዳዶው ስንጥቅ ጋር አልገጥም ካለ ዳዶው ወደፊት ይጠብቃል እንጂ ወደኋላ አይላላም። ኮፒሊያውም አዲስ ይሁን፤ አሮጌውን አቃንቶ የመለሰ ሰው መኪናውን ሳይሆን ዕድሉን እየጠገነ ነው።

በመጨረሻ ሁልጊዜ አንድ ሮንዴላ፣ ከዳዶ ሥር የሚገባ ቀለበት፣ ይተርፋል። ወዲያው መደንገጥ አያስፈልግም፣ ወዲያው መተኛትም አይገባም። ከአዲሱ ዕቃ ፓኬት የወጣ ከሆነ ለሌላ ሞዴል የታሰበ ሊሆን ይችላል፤ ዝገትና ጭቃ ያለበት ከሆነ ግን ቦታው እስኪገኝ ድረስ መኪናው አይነዳም። ፒክአፑ ከዚህ በኋላ በቀጥታ፣ በቀስታም፣ ወደ አላይመንት፣ የጎማዎቹ አቅጣጫ ወደሚስተካከልበት፣ ይሄዳል። «መሪው ቀጥ ብሏል» ማለት ጎማዎቹ ተስማምተዋል ማለት አይደለም፤ ያልተስማሙ ጎማዎች የአዲስ ጎማ ጠርዝ በጥቂት ሳምንታት ይበላሉ። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ የጎማ ዳዶዎቹና የተነኩት ብሎኖች በሙሉ ዳግም ይፈተሹ።

ከዚያ ባለመኪናው ይለወጣል። ለዓመታት ሲሸሻቸው የኖረውን ጉድጓዶች እየፈለገ ይገባባቸዋል። ሬድዮውን ዘግቶ፣ ዕለት በዕለት አዲስ ተሳፋሪ ጎኑ አስቀምጦ «ሰማህ?» ይላል።

«ምኑን?»

«ምንም!»

ተሳፋሪው ጨዋ ነውና ጆሮውን አቅንቶ ምንምን ያዳምጣል። ያቺ ከፓኬቱ የተረፈችው ሮንዴላ ብቻ ሲጋራ መተርኮሻው ውስጥ ሆና በየጉድጓዱ «ቅጭል» ትላለች።