መሐንዲሱ፣ ዋናተኛዋና የኮሌጅ ጎልፍ

ዴቭ ዊሊያምስ በሂውስተን ዩኒቨርሲቲ የኬሚካል ምሕንድስና ያስተምሩ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዩኒቨርሲቲው የጎልፍ ቡድን በእጃቸው ገባ። በተጫዋችነት ስም ያተረፉ ሰው አልነበሩም። ይሁን እንጂ ከ1956 እስከ 1985 ባሉት ሠላሳ ዓመታት ቡድናቸው የአሜሪካ ኮሌጆችን ሻምፒዮና 16 ጊዜ አሸነፈ። በግል ውድድሩም ተጫዋቾቻቸው ስምንት ጊዜ አንደኛ ወጡ። እሳቸው በ1987 ጡረታ ወጡ። ሂውስተን ከ1985 ወዲህ ዋንጫውን አንድም ጊዜ አላነሣም።

ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ። ዩኒቨርሲቲው አልተዘጋም። የቴክሳስ ፀሐይ ያው ናት፤ በከተማዋም የጎልፍ ሜዳ አልጠፋም። የሄደው አንድ ሰው ብቻ ነው።

እኔ በዚህች ከተማ ስኖር ዐሥራ ስድስት ዓመት አልፎኛል። ጎልፍ የሞከርሁት ግን ሁለት ጊዜ ነው፤ በሁለተኛው ቀን ከመሬት የተነሣው ሣሩ እንጂ ኳሷ አልነበረችም። ስለዚህ ስለ ዱላ አያያዝ የምለው የለኝም። ደግነቱ፣ የኮሌጅ ጎልፍ አሠልጣኝ ሥራ በአብዛኛው የዱላ አያያዝ ጉዳይ አይደለም። የምከራከረውም ይህንኑ ነው።

ጨዋታውን እንየው። በጎልፍ የሚያሸንፈው ኳሷን በጥቂት ምት ጉድጓዶቹ ውስጥ ያስገባ ነው። በዛሬው የኮሌጅ ውድድር አንድ ቡድን አምስት ተጫዋች ያሰልፋል፤ የዕለቱ ውጤት የሚደመረው ግን ከአምስቱ የተሻሉት የአራቱ ነው። አምስቱ ልጆች 18 ጉድጓድ ባለው ሜዳ ላይ ተበታትነው፣ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ልጆች ጋር ተደባልቀው ለሰዓታት ይጓዛሉ። አሠልጣኙ አንድ ነው። ከአንዱ ጋር ሲሄድ አራቱን አያይም። እንደ ቅርጫት ኳስ ጨዋታ አስቁሞ ሰሌዳ ላይ አይስልም፤ እንደ እግር ኳስ በስልሳኛው ደቂቃ ተጫዋች ቀይሮ ዕድሉን አይሞክርም። ፊሽካ እንኳ የለም። ያ ልጅ በ14ኛው ጉድጓድ ላይ ኳሱን ውኃ ውስጥ ሲከት አሠልጣኙ ምናልባት ኮረብታው ማዶ ነው። እንግዲህ ሊሠራ የሚችለው ነገር ሁሉ ውድድሩ ሳይጀመር ያለቀ መሆን አለበት።

ታዲያ ዊሊያምስ አስቀድመው ምን ሠሩ? ከሁሉ በፊት ልጅ ሰበሰቡ፤ ለአሰላለፉ ከሚበቃው እጅግ የበለጠ ልጅ። ከዚያም ወንበሩን በነጻ አልሰጡም። በውድድር ላይ ለመሰለፍ የፈለገ መጀመሪያ የራሱን ጓደኞች ያሸንፋል፤ ያለፈው ሳምንት ዝና ለዚህ ሳምንት ስንቅ አይሆንም። ሂውስተን ውስጥ አምስተኛ ለመሆን የሚደረገው ትግል ሌላ ቦታ ሻምፒዮን ለመሆን ከሚደረገው ይከብድ ነበር ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። የምሕንድስና መምህር አስተሳሰብ ይመስለኛል፦ ግፊቱንና ሙቀቱን አስተካክል፤ ውሁዱ ራሱ ይፈጠራል። ከዚህም አልፈው ከመላው አገሪቱ ምርጥ ቡድኖችን የሚጠራ ትልቅ ውድድር በከተማቸው አቋቋሙ፤ ቀድሞ ለጥቂቶች የመዝናኛ ጉዳይ የነበረውን የኮሌጅ ጎልፍ ሰው የሚያየውና ጋዜጣ የሚጽፈው ነገር አደረጉት። የኮሌጅ ጎልፍ አባት የሚባሉትም ለዚህ ነው። በዋንጫ ብዛት ዬል ዩኒቨርሲቲ 21 ይዞ ይበልጣቸዋል። ሆኖም የዬል የመጨረሻው ዋንጫ የ1943 ነው፤ አብዛኞቹም የተገኙት ውድድሩ የጥቂት የምሥራቅ ጠረፍ ትምህርት ቤቶች ጉዳይ በነበረበት ዘመን ነው።

በሳቸው እጅ ያለፉት ልጆች ስም ዝርዝር ለጎልፍ ወዳጅ ሙዚቃ ነው። በ1970 የግሉን ሻምፒዮና የወሰደው ጆን ማሃፊ በ1978 ከአራቱ ታላላቅ የጎልፍ ውድድሮች አንዱን፣ የፒጂኤ ሻምፒዮናን፣ አሸነፈ። ቢል ሮጀርስ በ1981 የብሪታንያን ኦፕን ወሰደ። አውስትራሊያዊው ስቲቭ ኤልኪንግተን በ1995 የፒጂኤን ዋንጫ አነሣ። ሆሜሮ ብላንካስ ደግሞ በ1962 በቴክሳስ በተደረገ የአማተር ውድድር 18ቱን ጉድጓድ በ55 ምት ጨረሰ፤ ጎልፍ ለማያውቅ አንባቢ ቁጥሩ ምንም አይነግረው ይሆናል፤ የሚያውቅ ግን ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ያነበዋል። እኔ የምወደው ግን ማርቲ ፍሌክማንን ነው። በ1967 የአሜሪካ ኦፕን ላይ ገና አማተር ሳለ ከሦስት ቀን ጨዋታ በኋላ ይመራ ነበር። በአራተኛው ቀን 80 ምት ፈጀበትና መሪነቱን አጣ። የሂውስተን ማጣሪያ እንኳ ለእንዲህ ዓይነቱ እሑድ ሰውን አያዘጋጅም ማለት ነው።

እስካሁን የጻፍሁት ውዳሴ ነው። አሁን ሒሳቡን ከሌላ በኩል ላንሣ።

ሂውስተን ከ1956 እስከ 1960 አምስት ዋንጫ በተከታታይ ሲያነሣ ጥቁር ተማሪ በዩኒቨርሲቲው በር አይገባም ነበር። የመጀመሪያዎቹ የገቡት በ1962 ነው። የአሜሪካ የጎልፍ ባለሙያዎች ማኅበርም ቢሆን ነጮች ብቻ አባል እንዲሆኑ የሚደነግገውን አንቀጽ የሰረዘው በ1961 ነው። ይህን የምለው መምህሩን ለመክሰስ አይደለም፤ በሩን የዘጉት እሳቸው አልነበሩም። ነገር ግን ዋንጫ ስንቆጥር ማን እንዳይሮጥ ታግዶ እንደነበረ ሳንጠይቅ መቁጠር የለብንም። የተሳካለት አሠልጣኝ ማን ነው ሲባል ወደ ዝርዝሩ ራስ ብቻ የሚመለከት ሰው፣ ዝርዝሩ ላይ መግባት የማይቻልባቸውን ሰዎች ሥራ አያይም።

ለዚህ ነው ዶክተር ካታና ስታርክስን ከዊሊያምስ አጠገብ የማቆማቸው። ስታርክስ ናሽቪል በሚገኘው ቴነሲ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ከጥንት ጀምሮ የጥቁሮች ትምህርት ቤት ነው። ወደ ጎልፍ የመጡት ከውኃ ዋና አሠልጣኝነት ነው። በ1980ዎቹ የወንዶቹን የጎልፍ ቡድን ሲረከቡ በኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ምድብ የወንዶች ጎልፍ ቡድን ያሠለጠኑ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆኑ። የወንድ ቡድን፣ ሴት አሠልጣኝ፣ ያውም ጥቁር፣ ያውም በጎልፍ። ከአንዱ ውጣ ውረድ ሌላው ይብሳል።

እሳቸው ሂውስተን እንዳደረገው ልጅ ማማረጥ አይችሉም ነበር። በደረጃው ላይ ያለ አሜሪካዊ ልጅ ሁሉ ወደ ታወቁት ትምህርት ቤቶች ይሄዳል። ስለዚህ ሌሎች ያላዩትን ፈለጉ፤ ከባሕር ማዶ ሳይቀር አመጡ። የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ የጎልፍ ቡድን ውስጥ እንግሊዛዊው ሮበርት ዲንዊዲ ሲጫወት የተመለከተ ሰው ምን ብሎ ይሆን? በ2005 ቡድናቸው የአናሳ ማኅበረሰብ ኮሌጆችን ብሔራዊ ሻምፒዮና አሸነፈ። በትልቁ ሻምፒዮና አንድም ዋንጫ የላቸውም። ከተማሪዎቻቸው መካከል ግን ሳም ፑርየር በ2007 የሚሺጋን ስቴት የጎልፍ ዋና አሠልጣኝ ሆነ፤ ከዋና ዋናዎቹ የኮሌጅ ሊጎች በአንዱ ለዚህ ቦታ የበቃ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። ሻን ፎሊ ደግሞ ከ2010 እስከ 2014 የታይገር ዉድስን የኳስ አመታት ያሠለጠነ ሰው ሆነ። ከውኃ ዋና የመጡ አሠልጣኝ ያስተማሩት ልጅ የዓለምን ታላቅ ጎልፈኛ የኳስ አመታት አስተካካይ ሲሆን፣ ዱላ አያያዝ የአሠልጣኝነት ሁሉ ነገር ነው የሚለው ክርክር የት ይገባል?

ተቃራኒ ምሳሌ አለ የሚለኝ ሰው ማይክ ሆልደርን መጥራቱ አይቀርም፤ ትክክል ነው። ሆልደር ራሱ የኦክላሆማ ስቴት ጎልፈኛ ነበር። ከ1973 እስከ 2005 አሠልጥኖ ስምንት ዋንጫ ወስዷል፤ በ1995 ታይገር ዉድስ የተሰለፈበትን ስታንፎርድን በተጨማሪ ጉድጓድ ያሸነፈውም የሱ ቡድን ነው። ነገር ግን የሆልደርን ሥራ ሲያጠኑ ጎልቶ የሚወጣው ሌላ ነገር ነው፦ ሰውየው ገንዘብ መለመን ያውቅበታል። ካርስተን ክሪክ የተባለው የቡድኑ ሜዳ በ1994 ተከፈተ፤ ይህን የመሰለ ሜዳ ለተማሪዎች ማሠራት በዱላ የሚገኝ ነገር አይደለም። ከአሠልጣኝነቱ ተነሥቶ የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ዳይሬክተር በሆነበት ዓመት፣ በ2005፣ የነዳጅ ባለሀብቱ ቡን ፒከንስ ለስፖርት ክፍሉ 165 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ሆልደርም ቢሆን ለእኔ ክርክር ምስክር እንጂ ባላጋራ አይደለም።

ገንዘብ ካነሣን አንድ ነገር ለአገሬ ልጆች ላንሣ። እዚህ አሜሪካ ልጆቻቸውን በስፖርት ነጻ የትምህርት ዕድል ለማስገባት የሚደክሙ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ብዙ ናቸው። አንድ ወዳጄ ልጁን ጎልፍ ያስጀመረው «ሯጭ ሞልቷል፤ በጎልፍ ግን ሙሉውን ይከፍሉለታል» ብሎ ነው። አልነገሩትም። ለብዙ ዓመታት በከፍተኛው ምድብ አንድ የወንዶች ጎልፍ ቡድን ሊሰጥ የሚችለው አራት ተኩል ሙሉ ክፍያ ብቻ ነበር። አራት ተኩል! አሠልጣኙ ያንን እንደ ድፎ ዳቦ ቆራርሶ ለስምንት ለዘጠኝ ልጅ ያካፍላል፤ ለአንዱ ሩብ፣ ለሌላው ግማሽ፣ ለሌላው መጽሐፍ መግዣ። በ2025 ሕጉ ተለውጦ የክፍያው ጣሪያ ተነሣ፤ በምትኩ አዲሱን ሥርዓት በተቀበሉ ትምህርት ቤቶች የቡድኑ አባላት ብዛት በዘጠኝ ተወሰነ። ባለጠጋው ትምህርት ቤት አሁን ዘጠኙንም ሊከፍል ይችላል፤ ድኃው ያው ይቆራርሳል። ከዘጠኝ በላይ ልጅ ሰብስቦ እርስ በርስ የማፋለሙ የዊሊያምስ ዘዴ ደግሞ በእነዚያ ትምህርት ቤቶች በሕግ ተዘጋ ማለት ነው። ከእንግዲህ ሌላ ዓይነት አሠልጣኝ ያስፈልጋል፤ እኔን ከጠየቁኝ ወደ ዊሊያምስ ሳይሆን ወደ ስታርክስ የሚያደላ፣ ያልታየውን ልጅ የሚያይ።

ለመምህሩ ፍትሐዊ ለመሆን ግን፣ እሳቸውም አንድ ጊዜ የውጤት ካርድ ላይ የማይታይ ነገር አይተዋል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ጂም ናንትዝ የሚባል ልጅ ሂውስተን ለጎልፍ መጣ። ጥሩ ነበር፤ ግን በዚያ ቡድን መካከል ጥሩ መሆን አይበቃም። ዊሊያምስ ከማባረር ይልቅ ከቡድኑ ኮከቦች ከፍሬድ ካፕልስና ከብሌን ማካሊስተር ጋር በአንድ መኖሪያ አኖሩት። ናንትዝ የቴሌቪዥን ስፖርት ዘጋቢ መሆን ይመኝ ነበር። ማታ ማታ በመኝታ ክፍላቸው ካፕልስ የማስተርስን ታላቅ ውድድር ያሸነፈ ይመስል ለአሸናፊው የሚሰጠውን አረንጓዴ ኮት ሲቀበል፣ ናንትዝ ደግሞ ቃለ መጠይቅ ሲያደርግለት ይለማመዱ ነበር። የልጅ ጨዋታ ነው።

በሚያዝያ 1992 ፍሬድ ካፕልስ ማስተርስን አሸነፈ። ኮቱ በሚለበስባት ክፍል ውስጥ፣ ለመላው አሜሪካ በቀጥታ በሚተላለፍ ሥርጭት፣ ቃለ መጠይቁን ያደረገለት ጂም ናንትዝ ነበር። ካሜራው ሲጠፋ ሁለቱ ተቃቅፈው አለቀሱ።