የወጣት ማዕከሉ ለማን ነው?

በወሎ ከተሞች ወጣት ማዕከል ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ጆተኒ፣ ፑልና የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የሚታይበት ቴሌቪዥን ነው። የሥነ ተዋልዶ ጤና ምክር የሚሰጥበት ክፍል፣ ካለ፣ ከዚህ ግርግር ወዲያ ነው። አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ያን ሁሉ ጎረምሳ አቋርጣ ስለ እርግዝና መከላከያ ልትጠይቅ ትገባለች ብሎ ያቀደ ሰው እኅት የለውም መሰለኝ።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ግምገማ ወጣት ማዕከላትን የሚጠቀሙት ጥቂቶች፣ በአብዛኛውም ዕድሜያቸው ከፍ ያለ ወንዶች መሆናቸውን አሳይቷል። ግንባታው ግን አልቆመም፤ ለሕንጻ ሪባን ይቆረጣል፣ ለምክር አይቆረጥም።

የወሎን ገጠር የሚያውቅ ሰው ልጅቱን ሌላ ቦታ ይፈልጋታል። ትምህርቷን አቋርጣ ወይ ተድራለች፣ ወይ ዓረብ አገር ለመሄድ ደላላ ትጠብቃለች። የትምህርት ቤት ክበብ አያገኛትም። የጋብቻ ዕድሜ በሕግ 18 ነው፤ ያለዕድሜዋ የተዳረችው ግን ለፕሮግራሞቻችን ወጣት መሆኗ ቀርቶ ሴትዮ ሆናለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቷ ብትመጣ እንኳ አማቷ አጠገቧ ተቀምጣ ትሰማለች።

ከተጓዦቹም በመንገድ የሚደርስባቸውን እያሰቡ የእርግዝና መከላከያ መርፌ ተወግተው የሚነሡ አሉ። መርፌው ለሦስት ወር እንደሚሠራ፣ ኤችአይቪን እንደማይከላከል፣ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው መከላከያ ግን ለዓመታት እንደሚቆይ ማን ነገራቸው?

ከጎረቤት ጎጃም የምንማረው አለ። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 በሞሰቦ የገጠር ቀበሌ የተካሄደው፣ ያለዕድሜ ጋብቻን ለመከላከል የተነሣው ብርሃነ ሔዋን የተባለ ፕሮግራም ልጃገረዶችን በቡድን ሰብስቦ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ሰጥቶ፣ ሳይዳሩ ለቆዩት ቤተሰብ ፍየል ሸልሟል። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ላይ ጋብቻ በእጅጉ ቀነሰ። ከ15 ዓመት በላይ ባሉት ግን አልቀነሰም፤ ስለዚህ ፍየሏን ብቻ ቀድተን የምንሄድበት ነገር አይደለም። ፕሮግራሙ ያገቡትንም ልጃገረዶች በቡድን ማሰባሰቡ ግን ለእኔ ከፍየሏ ይበልጣል።

በወሎ ሸሁንና ቄሱን ማሳመን ሁለት ሥራ አይደለም፤ በአንድ ለቅሶ ቤት ይገናኛሉ። የሚቀረው ቀንና ቦታ ነው። በገበያ ቀን ልጅቱ ከቤት ብትወጣ የት ነበርሽ አትባልም። በባቲ ሰኞ ነው፤ ሌላውም ወረዳ የራሱ ቀን አለው። በዚያ ቀን በጤና ጣቢያው አንድ ክፍል ለልጃገረዶች ብቻ ተከፍቶ፣ በሩ ላይ ምንም ሳይጻፍበት፣ አንዲት ነርስ ብትቀመጥ አዲስ ሕንጻ አያስፈልግም።