ሸማ ለስፌት ከመቀደዱ በፊት ይታጠብ

እህቴ፣ ለልጅሽ የአሸንድዬ ቀሚስ በእጅሽ ልትሰፊ መሆኑ ደስ ይላል። ግን «ሸማ ሳይሰፋ ከታጠበ ውበቱ ይጠፋል» ያልሽው ልክ አይደለም። ደሴም ላሊበላም ይባላል፣ ስህተት ነው።

ሸማ ሲሠራ ድሩ ተወጥሮ ነው የሚሸመነው። ውሃ ሲነካው ውጥረቱ ይላላል፣ ጥጡም ይሰበሰባል። ጥለቱ ክሩ ሌላ ከሆነ ደግሞ እኩል አይሰበሰብም። እኔ ለአራት ዓመት ልጄ ሳላጥብ ሰፍቼ ነበር። አንዴ እንደታጠበ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የነበረው ቀሚስ ባቷ ላይ ወጣ። ጥለቱም ተኮማተረ። ልጅቷ አለቀሰች፣ እኔም አብሬ።

ስለዚህ መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፊው። አትጠምዝዢው። ጥላ ላይ አስጪው፣ ተኩሺው፣ ከዚያ ለክተሽ ቅደጂ። ቀለሙ እንዳይለቅ ከሰጋሽ የጥለቱን ጫፍ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሸት አድርገሽ እዪው። ከታች ሦስት ጣት ያህል እጥፋት ተዪለት፤ ለከርሞ ይፈታል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ አንገቷ ላይ የሚታሰር ገመድ አታድርጊ። ስትጫወት የሆነ ነገር ይዞት ሊያንቃት ይችላል። ቁልፍ ይሻላል፣ ግን ጠበቅ አድርገሽ ስፊው፤ ከላላ አፏ ውስጥ ይገባል። አሸንድዬ ነሐሴ 16 ይጀምራል፣ ከስፌቱ በፊት ለማጠቢያ ሁለት ቀን ያዢ።