ኒዶው ውስጥ ኒዶ የለም

በአበሻ ቤት ቆርቆሮ ላይ የተጻፈውን የሚያምን እንግዳ ብቻ ነው። የኒዶው ቆርቆሮ ውስጥ በርበሬ አለ። የአይስክሬሙ ዕቃ ውስጥ ሽሮ አለ። የዴንማርክ ብስኩት የሚለው ሰማያዊ ክብ ቆርቆሮ ውስጥ ክር፣ መርፌና ሸሚዙ የጠፋበት የሸሚዝ ቁልፍ አለ። ልጅ ሆነን ብስኩት እናገኛለን ብለን ከፍተን መርፌ የወጋን ሁሉ ይህን እናውቃለን።

አሁን ደግሞ እነዚህ ዕቃዎች አዲስ ተከራይ ገብቶባቸዋል። ብጣሽ ወረቀት ነው። አራት ቦታ ታጥፎ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ በላስቲክ ታስሮ ይቀመጣል። ሲፈታ ቁጥር ይወጣል። ከቁጥሩ ጎን ምንም የተጻፈ ነገር የለም። የቱ የባንክ፣ የቱ የቴሌብር እንደሆነ አልተገለጸም። ከተገለጸማ ሌባ ያውቀዋል። ባለቤቱም አያውቀውም፣ ያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

በሰዉ አይፈረድበትም። ቴሌብር በ2013 ግንቦት ሲመጣ ስድስት አሃዝ ፒን ይዞ መጣ። የኤቲኤሙ ካርድ አራት አሃዝ ይላል። የባንኩ መተግበሪያ የራሱን ይፈልጋል። ፋይዳ 12 አሃዝ ሰጥቶናል። እሱ እንኳ ፓስወርድ አይደለም፤ ሆኖም ቁጥር ከሆነ አይቀር ተብሎ አብሮ ይደበቃል። ጂሜይል ደግሞ ቁጥር ብቻ አይበቃኝም፣ ፊደልም ምልክትም ጨምሩ ይላል። አንዲት እናት ልጃቸው «ትልቅ ፊደል አስገቢ» ስትላቸው «ትልቁ የቱ ነው? ሃሌታው ሀ ነው ሐመሩ?» ብለው ጠየቁ። ከሁለት መቶ በላይ ፊደል ይዘን አንድ ትልቅ እንዳጣን ያወቅነው በጂሜይል ነው።

የአጎቴን ነገር ላውጋችሁ። ጡረታ ሳይወጡ በፊት የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነበሩ። ሞዴል 22 ሳይፈረም እስክሪብቶ የማያወጡ ሰው ናቸው። ፒን ሲሰጣቸው በንብረት ክፍል ዓይን ነው ያዩት። ገቢ ሆኗል፣ ስለዚህ ቦታ ያስፈልገዋል።

መጀመሪያ በግዕዝ ቁጥር ጻፉት። «የዛሬ ሌባ ግዕዝ የት ያውቃል?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ሌባውን ተዉት፣ የዛሬ ተመራቂም ከ፲ በላይ ሲሆን ላብ ያጠምቀዋል። ችግሩ ፒኑ ውስጥ ዜሮ መኖሯ ነው። ግዕዝ ዜሮ የለውም። አሥር አለው፣ መቶ አለው፣ እልፍ አለው፣ ዜሮ ግን የለውም። የጥንት ሰው የሌለውን ነገር ለመቁጠር አልቸገረውም መሰለኝ። ኤቲኤም ግን የሌለውንም ይቆጥራል። አጎቴ በዜሮዋ ፋንታ ክፍት ቦታ ተዉላት። ከወራት በኋላ ማሽኑ ፊት ቆመው ወረቀቷን ሲዘረጉ ክፍት ቦታዋ አልታየቻቸውም። ፬፯፪ ይላል። ሦስት ቁጥር ብቻ! አራተኛዋን ከኋላ በግምት ጨመሩባት። አንዴ ገመቱ፣ ደገሙ፣ በሦስተኛው ማሽኑ ካርዱን ዋጠው። ከኋላ የተሰለፈው ወጣት ወረቀቷን በትከሻቸው አሻግሮ አይቶ «አባቴ፣ ይሄ የጠበል ቤት ነው እንዴ?» አላቸው ይባላል። ይህን እንኳ ያወሩት እሳቸው አይደሉም።

አዲሱን ፒን በምናውቀው ቁጥር ጻፉት። ቦታውን ግን አጠበቁ። የከሰል ካውያ!

ካውያዋ ከእናታቸው የወረሷት ናት። ብረቷ የከበደ፣ እጀታዋ እንጨት፣ ከጎኗ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት፣ መክደኛዋ ላይ ትንሽ አውራ ዶሮ የቆመባት። ዶሮዋን ጠምዘዝ ሲያደርጉ ትከፈታለች። የኤሌክትሪክ ካውያ ቤቱ ከገባ ወዲህ የነካት ሰው የለም። ብፌው ላይ በዳንቴል ተቀምጣ የቤት ጌጥ ሆናለች። የአጎቴ ስሌት ቀላል ነው፤ ሌባ ቴሌቪዥን ትቶ የከሰል ካውያ አይሸከምም።

ስሌቱ ስህተት የለበትም። ያልተሰላው የጥምቀት ዋዜማ መብራት መጥፋቱ ነው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ተብሎ በተተረተበት አገር፣ ሴት ልጃቸው የተጨማደደ የሀበሻ ቀሚስ ታቅፋ ጨለማ ውስጥ ቁጭ አትልም። ካውያዋን አየቻት። ዶሮዋን ጠመዘዘች። ውስጧን በሻማ ማን ያያል? ከምድጃው ፍም ዝቃ ገለበጠችባት። ትንሽ ጨሰ። አቧራው ነው ብላ እፍ አለችበት። ቀሚሱም ነጠላውም ቀጥ ብሎ ተተኮሰ። ሆድ ይፍጀው የሚባለውን ምስጢር ካውያ ፈጀው። ያ ፒን ከባንክ አንድ ብር ሳያወጣ አንድ ቀሚስ ተኩሶ አለፈ።

ወረቀት የማያምኑም አሉ። አንዲት የማውቃቸው እናት ፒናቸውን የትም አልጻፉም፤ ዳዊታቸው ላይ ድሮም ተጽፎላቸዋል። የሚወዱትን መዝሙር ቁጥር ሁለት ጊዜ መምታት ነው። ዳዊቱ በቆዳ ማኅደር የተቀመጠ፣ የገጹ ጠርዝ በጣት ብዛት የለሰለሰ አሮጌ መጽሐፍ ነው። ታመው ሆስፒታል ሲተኙ ልጃቸውን ጠርተው በሹክሹክታ «‹እግዚአብሔር እረኛዬ ነው› የሚለውን ሁለቴ ምቺው» አሏት። ልጅቷ ፕሮቴስታንት ናት። እሷ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ መዝሙሩ 23ኛ ነው። እናቷ ዳዊት ላይ 22ኛ ነው። የግዕዙ ዳዊት የሚከተለው የሰባ ሊቃናቱን የግሪክ ትርጉም ሲሆን፣ እነሱ በዕብራይስጡ 9ኛና 10ኛ የሆኑትን አንድ አድርገው ስለቆጠሩ ከዚያ በኋላ ያለው አብዛኛው በአንድ ወደኋላ ቀርቷል። ከ2 ሺህ ዓመት በላይ የቆየ የአቆጣጠር ልዩነት መጥቶ ኤቲኤም ላይ ፈነዳ። 2323 አለች። የተሳሳተ ፒን። ደግማ መታች። አሁንም የተሳሳተ። ሆስፒታል ተመልሳ «ኧረ እምዬ፣ 23 እኮ አይሠራም» ስትላቸው እናት ከትራሳቸው ቀና አሉና «ማሽኑም ያውቃል!» አሉ። በዚያ ቤት ሃይማኖት እንዳይነሳ ስምምነት ነበረ። ከዚያ ቀን በኋላ የለም።

ይህ ሁሉ ግን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሰፈር ከሚያልፈው ድምፅ ፊት ኢምንት ነው። «ቆራሌው!» ይላል አንዱ። «ልዋጭ! ልዋጭ!» ትላለች ሌላዋ፣ በራሷ ላይ ሳፋና ጆግ ከምራ። የሌሊት ሌባ ቢመጣ ውሻ ይጮህበታል። እነዚህ ሲመጡ የቤቱ እመቤት ራሷ በር ትከፍታለች።

አንድ ጎረቤታችን የፌስቡክና የጂሜይል ፓስወርዱን ከሞተ የቆየ ራዲዮ የባትሪ ቤት ውስጥ አስቀምጦ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ራዲዮው የለም። ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ ጆግ አለ።

«ራዲዮው የታለ?»

«የቱ? ያ የማይሠራው?»

«ይሠራ ነበር!»

«ምን ይሠራ ነበር?»

ምን ይበል? ሚስቱም እንዳታይበት ነበር እኮ የደበቀው። ጭራሽ ጥያቄው ከራዲዮ ወደ ፌስቡክ ዞረ። ያን ምሽት እዚያ ቤት የሆነውን እዚህ አልጽፍም፤ ግድግዳችን ስስ ነው ማለት ይበቃል። በማግስቱ መርካቶ ወርዶ ምናለሽ ተራ ፈለገው። ምናለሽ ተራ የገባ ነገር ግን በገባበት መልክ አይወጣም። በርሜል ገብቶ ምድጃ ይወጣል። ጎማ ገብቶ ጫማ ይወጣል። ራዲዮ ገብቶ የት የት እንደሚበተን የሚያውቀው የበተነው ብቻ ነው። ሰውየው እስካሁን በዚያ ጆግ የተቀዳ ውሃ አይጠጣም።

ፈረንጅም ከቆራሌው አላመለጠ። በዌልስ፣ ኒውፖርት የሚኖረው ጄምስ ሃውልስ 8 ሺህ ገደማ ቢትኮይን የሚባል የኢንተርኔት ገንዘብ የሚከፍትበት ቁልፍ ያለበት ሃርድ ድራይቭ እ.ኤ.አ. በ2013 ከቆሻሻ ጋር ተጥሎበታል። የቆሻሻ ክምሩን ልቆፍር ብሎ ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ዓመታት ተከራከረ፣ በመጨረሻም ከሰሰ፤ በ2025 መጀመሪያ ላይ ዳኛው ክሱን ዘጋበት። ሳን ፍራንሲስኮ ያለው ፕሮግራመር ስቴፋን ቶማስ ደግሞ የባሰ ነው። 7,002 ቢትኮይን ያለበትን ፍላሽ የሚከፍተውን ፓስወርድ ወረቀት ላይ ጻፈ። ወረቀቱ ጠፋ። ፍላሹ የሚፈቅደው አሥር ሙከራ ብቻ ነው። በ2021 ዓለም ወሬውን ሲሰማ ስምንቱን ጨርሶ ነበር። እኛ ቤት ቢሆን ኖሮ ወረቀቷ ኒዶ ውስጥ ትገኝ ነበር፤ በርበሬ በርበሬ ትሸት ይሆናል እንጂ።

ለቆርቆሮው ጠበቃ መቆሜ ነው፣ አዎ። ጽፎ ማስቀመጥ የመሃይም ሥራ ነው የሚሉ የኮምፒውተር ልጆች አሉ። ብሩስ ሽናየር ግን በዚህ ሙያ ስሙ የተከበረ ሰው ነው፤ እሱም ገና እ.ኤ.አ. በ2005 ፓስወርዳችሁን ጠንካራ አድርጉ፣ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ከብራችሁ ጋር ኪስ ቦርሳችሁ ውስጥ አኑሩት ብሎ መክሯል። በ2003 በአንድ የአሜሪካ መንግሥት ተቋም ውስጥ ሆኖ «ምልክት ጨምሩ፣ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ» የሚለውን መመሪያ የጻፈው ቢል በር ደግሞ በ2017 በብዙው ነገር ተጸጽቻለሁ ብሏል። እሱ ጡረታ ወጣ፣ ተጸጸተ። እኛ እዚህ ዛሬም ትልቁን ሀ እየፈለግን ነው።

ደግሞም አስቡት። ማዶ አገር ተቀምጦ የሰው አካውንት የሚሰብር ሰው ጓዳችሁ ገብቶ መክደኛ አይከፍትም። ጓዳችሁ የሚገባው ሌባ ደግሞ ቴሌቪዥንና ሲሊንደር ነው የሚፈልገው። በቆርቆሮና በካውያ መሃል የጠፋው ገንዘብ ሁሉ ቢደመር ጊዜያዊ ነው፤ ባንክ ሄዶ መታወቂያ ማሳየትና መሰለፍ ነው። የማይመለሰው ገንዘብ የሚሄደው በሌላ በኩል ነው።

ስልክ ይጮሃል። ሰውየው ትሁት ነው። «እማማ እንደምን አሉ? ከባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት ነው፤ ሽልማት ደርሶዎታል። አሁን ስልክዎ ላይ የገባውን ቁጥር ያንብቡልኝ።» እኚሁ ወረቀቱን በፌስታል፣ ፌስታሉን በጨርቅ፣ ጨርቁን በአገልግል የደበቁት ሴት፣ መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ይጀምራሉ። ኔትወርኩ ደካማ ነው። ስለዚህ ይጮሃሉ። «አራት! ኧረ አራት ልጄ፣ የእግዜር ስሙ አራት! ከዚያ ዘጠኝ! ሰማኸኝ?» እሱ ባይሰማ ግቢው ሰምቷል። የአጥሩ ማዶ ጎረቤትም «ዘጠኝ ነው ያሉት፣ እኔ ሰምቻለሁ» ብትል አይገርመኝም። ምስጢሩን ከቤት ሠራተኛ የደበቀ እጅ ለማያውቀው ድምፅ አሳልፎ ይሰጣል። የኤቲኤሙን ጥበቃ «እስቲ ልጄ ምታልኝ» የሚሉትን፣ የሱቁን ልጅ ፒናቸውን በቃሉ የሚያስጠኑትን አልቆጠርኩም። ባንኮቹ ቁጥራችሁን ለማንም አትስጡ እያሉ በየጊዜው አጭር መልእክት ይልካሉ። መልእክቷም የምትነበበው በሱቁ ልጅ ነው።

ባለፈው ሰንበት አጎቴ ቤት ነበርኩ። ቡናው ሳይወርድ በዓይናቸው ጠቅሰው ወደ ጓዳ ወሰዱኝና በሩን ዘጉ። አፉ የተሰበረ አሮጌ ጀበና አወረዱ። አንገቷ ውስጥ ሽቦ ከትተው ሲጎትቱ የተጠቀለለች ወረቀት ወጣች። «ከእኔና ከአንተ ሌላ የሚያውቅ የለም» አሉ። «ብሞት ብሰነብት፣ ቦታውን እወቀው።»

ከበሩ ማዶ የአሥር ዓመቱ የልጅ ልጃቸው ድምፅ መጣ።

«አባባ፣ የጀበናዋ እኮ የድሮው ነው! ባለፈው ሲቆለፍብህ እኔ ነኝ የቀየርኩልህ።»

አጎቴ ወረቀቷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ በሩን አዩ።

«እና አሁን ስንት ነው?»

«መጀመሪያ ጥቅል ግዛልኝ።»

«በምን ልግዛልህ? በቴሌብር አይደል? ፒኑን ሳትነግረኝ?»

ልጁ ትንሽ አሰበ።

«ስልኩን በበሩ ሥር ስደደው፣ ራሴው እገዛዋለሁ።»

ሰደዱለት።