እርግብ ላይ ይተኮስ? የቃሉ ገበሬና የሐይቅ መምህርት ክርክር

የክርክሩ ሐሳብ፦ በወሎ የእርሻ ማሳዎች ላይ እርግብን በጠመንጃ ማደን ሊጀመር ይገባል። ደጋፊው በቃሉ ወረዳ ማሽላና ሽምብራ የሚያርስ ወጣት ነው። ተቃዋሚዋ ሐይቅ ከተማ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የሳይንስ መምህርት ናቸው። የሚከራከሩት በጽሑፍ ነው።

ገበሬው

ሽምብራ የሚዘራው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ዘሩን በትኜ በሬዎቹን እስካዞር ድረስ እርግቧ ማሳው ላይ ናት። ዓይኗ ዙሪያ ቀይ የሆነችው፣ ክንፏ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለባት። በመንጋ ትመጣለች። ወንጭፍ ሲጮህ ትነሳለች፣ አንድ ዙር ዞራ ተመልሳ ትሰፍራለች። የጅራፉንም ድምፅ ለምዳዋለች።

ስለዚህ በየቀበሌው ፈቃድ ያላቸው ጥቂት አዳኞች ይኑሩ እላለሁ። አጀማመሩ ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ባለማሳውን ማስፈቀድ ነው። ቀጥሎ ያለ ጠመንጃ ቁጭ ብሎ ማየት። እርግብ የራሷ መንገድ አላት። ማለዳ ከገደሉ ወይም ከዋርካው ተነስታ ሁሌ በአንድ አቅጣጫ ትመጣለች። በዚያ መስመር ሥር ከአገዳ መደበቂያ ይሠራል። ከፊቱ የተገደሉ ወይም ከእንጨት የተጠረቡ እርግቦችን አፋቸውን ወደ ነፋሱ አዙሮ መደርደር ነው። መንጋው ባልንጀሮቹ እየበሉ መስሎት ይወርዳል። በእንግሊዝ አገር ገበሬው ሰብሉን ለማዳን እንዲህ ያስደርጋል፣ ሕጉም ይፈቅድለታል። ጠመንጃው ትንንሽ እንክብል የሚበትነው ዓይነት ቢሆን ጥሩ ነው። ካልተገኘ ግን እቤት ያለውም ይሠራል። ጥይቱ እንደሆነ ተራራው ላይ ይቀራል።

መምህርቷ

ተራራው ላይ ይቀራል? የትኛው ተራራ ላይ ነው ልጄ? እስቲ በወሎ ሰው የሌለበት ተራራ አሳየኝ። ፍየል የሚጠብቅ ልጅ አለ። ጭራሮ የምትለቅም ሴት አለች። ተራራው ላይ ቤት አለ፣ መስጊድ አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ።

እቤት ያለው ያልከውንም እናውቀዋለን፣ ክላሽ ነው። እንክብል የሚበትነው ጠመንጃ ጥቂት መቶ ሜትር ሄዶ ኃይሉ ያልቃል። የክላሽ ጥይት ግን ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። የምትበርን ወፍ የሚተኩስ ሰው ደግሞ አፈሙዙን ወደ ላይ ነው የሚያነሳው። የት እንደሚወርድ ማን ያውቃል?

ሌላም አለ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲይዝ ማሽላው ገና አልታጨደም ነበር። በዚያው ወር፣ በዚያው ማሳ ላይ ማለዳ ተኩስ ይሰማ ነው የምትለው። ድንጋጤው ያለቀላቸው ይመስልሃል?

ደግሞስ እርግብ ምን አደረገች? የወደቀ ነው የምትለቅመው። ማሽላህን የሚጨርሰው ግሪሳ ነው። አንዷ ግሪሳ በቀን አሥር ግራም ያህል ትበላለች። መንጋው ሚሊዮን ከሆነ በአንድ ቀን መቶ ኩንታል ሄደ ማለት ነው። እሱን በጠመንጃ አትችለውም። ሌባውን ትተህ ጎረቤቱን ልትመታ ነው።

ገበሬው

እትዬ፣ አከብርዎታለሁ። ግን «የወደቀ ነው የምትለቅመው» ያሉት የማሳ ዳር ቆሞ ካየ ሰው አይወጣም። የተዘራ ሽምብራ የወደቀ ነው? እኔ ነኝ የጣልኩት። ከአፌ ቀንሼ፣ ለዘር ብዬ ያስቀመጥኩት ነው። ግሪሳው እሸቱን ሲበላ ቢያንስ ዛላው ላይ አየዋለሁ። እርግቧ የበላችው ግን ጭራሽ አይበቅልም። ባዶ መሬት ነው የሚተርፈኝ። ያኔ ዘሩ መጥፎ ነበር ይሉኛል፣ ገበሬው ሰነፍ ነው ይሉኛል።

የወደቀ ነው! ይህን በእኔ ማሳ ላይ መጥተው ይበሉት።

መምህርቷ

ሽምብራው እውነት ነው፣ አልከራከርህም። ቶሎ በአፈር አልብሰው።

ተራራው ላይ ይቀራል ያልከውን ግን አልመለስክልኝም። እንክብል የሚበትነውን ጠመንጃ ገበሬው ከየት ያመጣዋል? አያመጣም። ያለውን ነው የሚያነሳው። አዋጅ 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ እንዳይያዝ ይከለክላል። አዋጅ 541/1999 የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ እንዳይታደን ይከለክላል። ሁለቱንም ጥሰህ ነው የምትጀምረው።

አንገቷ ላይ ነጭ ያለባት እርግብስ? በደጋው ገደልና በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የምትኖረው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ በዱር የለችም። ማለዳ፣ በደብዛዛ ብርሃን፣ በሚበር መንጋ ውስጥ ከቀይ ዓይኗ ትለያታለህ? ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እርግብን በኖኅ ታሪክ ያውቃታል። ደጃፉ ላይ ስትሰፍር የሚያባርራት የለም። እሷ ላይ መተኮስ የለመደ ልጅ ነገ ምን ላይ ይተኩሳል?

ገበሬው

ልጄ እያሉ ይጽፋሉ። እኔ የሦስት ልጆች አባት ነኝ። አዋጁንም አውቀዋለሁ፣ ፈቃድ ያላቸው አዳኞች ብዬ ነው የጀመርኩት።

የሚነካኝ ሌላ ነው። መተኮስ የለመደ ልጅ ያሳስብዎታል። ማማ ላይ የሚውለው ልጅስ? ማሽላው ወተት ሲይዝ ከንጋት እስከ ምሽት ወንጭፍ ይዞ የሚጮኸው የእኔ ልጅ ነው። ያኔ ትምህርት ቤቱ ክፍት ነው። መምህር ነበሩ፣ የቀሩትን ልጆች ስም መዝገብ ላይ ቀይ ያደረጉት እርስዎ ነዎት። የት እንደዋሉ ጠይቀው ያውቃሉ?

መምህርቷ

ጠይቄ አውቃለሁ። ወላጅ አስጠርቻለሁ፣ ማማው ድረስ ሄጃለሁ። ይህን ስላልጻፍኩ እንደማላውቅ መቁጠርህ አሳዝኖኛል።

ልጁን ከማማ ለማውረድ ከሆነ መንገዱ ጠመንጃ አይደለም። እርግብ ብትመታ ግሪሳው ይቀራል፣ ግሪሳው እስካለ ልጁ አይወርድም። የአንድ አካባቢ ሰው በአንድ ሳምንት ይዝራ። እሸቱ አብሮ ይደርሳል፣ ወፉ ይበታተናል። ጥበቃው በወንፈል ይሁን፣ አዋቂ በተራ ይውጣ። ዳር ዳሩን ዘንጋዳ ዝራ። ምሬቱ ወፍ አይጠራም። መሀሉን ወተት በጉንጬ የሚባለውን ጣፋጭ ማሽላ አድርገው። ወፍም ጣፋጩን ታውቃለች፣ ስለዚህ ከዳር አይዘራም።

ገበሬው

ዘንጋዳውን አባቴም ዘርቶታል። ገበያ ላይ ዋጋ የለውም፣ እንጀራውም ይጠቁራል።

በአንድ ሳምንት ይዘራ ያሉት ዝናቡ በአንድ ሳምንት ሲጥል ነው። እኛ ጋ ዝናቡ አንዱን ማሳ መትቶ ሌላውን ይዘላል። ወንፈሉም ሰው ይፈልጋል። ሁለቱ ወንድሞቼ ሳዑዲ ናቸው። የጎረቤቴም ልጆች እዚያው ናቸው። ቀበሌው ውስጥ የቀረነው ሽማግሌና ሕፃን ነን። በተራ የሚወጣው አዋቂ ማን ነው?

ጠመንጃው ይቅር ካሉ ይቅር። ክላሹን በተመለከተ ያነሱት ትክክል ነው፣ እኔም ልጄን ተራራው ላይ ነው የምልከው። ግን ለጥበቃ የሚከፈለው ሰው ይኑር። ወረዳው ለግሪሳ መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን እስኪመጣ ይጠብቃል። ለአንድ ወር ጠባቂ የሚቀጠርበት ገንዘብ ግን የለም ይለናል።

መምህርቷ

ለወረዳው ማመልከቻ ጻፍ። እኔም አብሬ እፈርማለሁ። ጠመንጃ የሚል ቃል ግን እንዳይገባበት።

ገበሬው

እጽፋለሁ። የሽምብራውን ዘርም አስገባበታለሁ፣ የወደቀ አይደለምና።